ስለ ተተካ ጉልበት ቁስል አሻሻር
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ከጎብዬ ወይም ከቆቦ ጉልበታቸውን ለመታከም ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ወላጆቻችን ከሆስፒታል ሲወጡ የሚያርፉት በእኛው ቤት ነው፡፡ ስለዚህ ቁስሉ በምን እንደ ተዘጋና እንዴት እንደሚሽር ማወቅ ለአስታማሚም ይገባል፡፡

በጉልበት አጥንቶች ጫፍ ያለው ልስልስ ሽፋን ተበልቶ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፡፡ ያን ጊዜ ሐኪሙ የጉልበቱን ፊት በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍቶ፥ የተበላሸውን ጫፍ በብረትና በጠንካራ ፕላስቲክ ይተካዋል፡፡

ብዙ ሰው ስፌቱ ከላይ የሚታየው ብቻ ይመስለዋል፡፡ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፡፡ አስቀድሞ መገጣጠሚያውን የሚያቅፈው ከረጢት በብርቱ ክር ይሰፋል፤ ቀጥሎ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ፤ ቆዳው የመጨረሻው ነው፡፡ የውስጡን ክር ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው አይወጣም፡፡ በቀድሞ ዘመን ይህ ክር ከበግ አንጀት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ሥራ ነው፡፡ ቆዳውን ግን አንዱ ሐኪም በክር፥ ሌላው በማጣበቂያ፥ ሌላውም በየቢሮአችን ወረቀት እንደምናያይዝበት ባለ መሣሪያ በትንንሽ ብረት ይዘጋዋል፡፡ ብረቱ ሥራ ያፋጥናል፤ በአሻሻር ማን እንደሚበልጥ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም፡፡ የሚወጣው ክር ወይም ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን፥ አንዳንዴም እስከ 3 ሳምንት ይቆያል፡፡

ጉልበት እንደ ሌላው ገላ አይደለም፤ በታጠፈ ቁጥር ቆዳው ይወጠራል፡፡ በዚህ ምክንያት «ስፌቱ እንዳይፈታ» ተብሎ ሕመምተኛው እግሩን ዘርግቶ እንዲተኛ ይደረጋል፡፡ ይህ ከርኅራኄ የመጣ ስሕተት ነው! የውስጡ ስፌት የታዘዘውን እንቅስቃሴ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ያልታጠፈ ጉልበት ግን ይደርቃል፤ በእግር ሥርም ደም ይረጋል፡፡

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፡፡ ቁስሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማርጠቡን ካላቆመ፥ መቅላቱና ማበጡ እየባሰ ከሄደ፥ መግል ከታየ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ዕለት ሐኪሙ ይየው፡፡ ተውሳክ ብረቱ ላይ ከሰፈረ መድኃኒት በቀላሉ አያጠፋውም፤ አንዳንዴም የተተካው ሁሉ ወጥቶ እንደገና መሠራት ግድ ይሆናል፡፡ ቅቤና ቅጠል አይቀባ፤ ጠበልም በቁስሉ ላይ የሚፈስስ ከሆነ እስኪጠግግ ይቆይ፡፡ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩን ይቆጣጠር፤ ትምባሆም ቁስልን ያዘገያል፡፡ በምግብ በኩል የማሽላ እንጀራው ብቻውን አይበቃም፤ ምስር፥ ሽሮ ወይም እንቁላል ይጨመርበት፡፡

«አገሬ አድርሱኝ» ማለታቸው አይቀርም፡፡ ጎብዬ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሳፈሩ፤ ሲሄዱም በየመንገዱ ወርደው ይራመዱ፡፡ ከውጭ የዳነ የመሰለው ቁስል ከ3 ወር በኋላ እንኳ ከቀድሞው ቆዳ ጥንካሬ 80 ከመቶ ያህሉን ቢይዝ ነው፡፡ መንበርከክም ለብዙዎች ከዚያ በኋላ ስለሚያስቸግር፥ ለጸሎትም ሆነ ለሶላት ከፍ ያለ ወንበር አስቀድማችሁ ላኩላቸው፡፡