አንድ ዘፈን ብቻ
(ቦብ ማርሊ በኪንግስተን፤ ክፍል 2)

ባለፈው ሳምንት ታጣቂዎቹ በሆፕ ሮድ የሚገኘውን የቦብ ማርሊን ግቢ በር ሲያልፉ ነበር ያቆምነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1976፣ ዓርብ ከምሽቱ 2:30 ገደማ ነው። ቦብ በነጻ ሊያቀርበው ላሰበው ኮንሰርት የሚደረገው ልምምድ ለዕረፍት ተቋርጧል። ቦብ ኩሽና ቆሞ ግሬፕፍሩት ይበላል። ሥራ አስኪያጁ ዶን ቴይለር ወደ እሱ ጠጋ እንዳለ ተኩሱ ተከፈተ። በርካታ ጥይት ያረፈው ቴይለር ላይ ነው። አንዷ ግን የቦብን ደረት ጭራ አልፋ ግራ ክንዱ ውስጥ ተቀበረች። ውጭ መኪና ውስጥ የነበረችው ባለቤቱ ሪታ ጭንቅላቷን ተመታች፤ ጥይቱ ቆዳዋን በስቶ የራስ ቅሏ ላይ ቆመ። ሁሉም ተረፉ! ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ለማመን ይቸግረኛል።

ነገሩን ያከረረው ምርጫው ነው። ነጻው ኮንሰርት የታሰበው የሁለቱ ፓርቲዎች ደጋፊዎች በየሰፈሩ ለሚገዳደሉባት ጃማይካ ትንሽ እፎይታ እንዲሆን ነበር። የማይክል ማንሊ መንግሥት ግን ቀኑ ከተያዘ በኋላ ምርጫውን ለዲሴምበር 15 ቆረጠው። ለማንም ያልወገነው ዘፋኝ በአንድ ጀምበር የገዢው ፓርቲ ሰው መሰለ።

ቦብን ከሐኪም ቤት አውጥተው ተራራ ላይ ወዳለው ስትሮበሪ ሂል፣ ወደ አሳታሚው ክሪስ ብላክዌል ቤት ወሰዱት። በፖሊስ ይጠበቃል። ተኳሾቹ አልተያዙም።

እሑድ ማታ ናሽናል ሂሮስ ፓርክ ወደ 80 ሺሕ በሚገመት ሕዝብ ተጥለቀለቀ። ሰርድ ወርልድ የተባለው ባንድ መድረኩን ይዞ ያጫውታል። ከፓርኩ በመገናኛ ሬዲዮ የሚደርሰው ወሬ አንድ ነው፦ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው። ተራራው ላይ ግማሹ «ሂድ» ይላል፤ ግማሹ «ሊጨርሱህ ነው» ይላል። ክንዱ ውስጥ ያለችው ጥይት አልወጣችም፤ ስትወጣ ጣቶቹን ልትጎዳ ትችላለች ተብሏል። ጊታር መያዝ የማይታሰብ ነው።

ቦብ ተነሣ። በፖሊስ ታጅቦ ጠመዝማዛውን መንገድ ወረደ። መድረኩ ላይ ሲወጣ ሪታ የሐኪም ቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ጭንቅላቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ አብራው ቆመች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ዓርብ ማታ የተኮሱት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አልነበረም።

የሚዘፍነው አንድ ዘፈን ብቻ እንደሆነ ለሕዝቡ ነገረ። የመረጠው ዘፈን ቃላት ግን የእሱ አልነበሩም። ከ13 ዓመት በፊት ኒውዮርክ ላይ፣ ከተባበሩት መንግሥታት መድረክ፣ በአማርኛ የተነገሩ ናቸው። ተናጋሪው ማረፋቸው ከተነገረ ገና 1 ዓመት ከ3 ወር ቢሆነው ነው፤ ቦብ ግን መሞታቸውን ከቶ አልተቀበለም።

ማይክሮፎኑን ጨብጦ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

(ሳምንት ይቀጥላል)