የማስጠንቀቂያ መብራት በአደጋ ጊዜ መኪናዎች ላይ፤ አመራረጡ፥ አተካከሉና አጠቃቀሙ

በሽተኛን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ አምቡላንስ፥ እሳት ለማጥፋት የሚሮጥ መኪና፥ የተበላሸ ካሚዮን ከመንገድ ለማንሣት የሚሄድ ክሬን ሁሉም በጣሪያቸው ላይ የሚብለጨለጭ መብራት ይዘው ይታያሉ። ይህ መብራት ለተመልካች ጌጥ ቢመስልም ሥራው ከባድ ነው፤ ይኸውም ሌላው ሾፌር አደጋ መኖሩን ከሩቅ ተረድቶ ፍጥነቱን እንዲቀንስና መንገድ እንዲለቅ መለመን ነው። ልመና መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። መብራቱ በራሱ መንገድ አይከፍትም፤ መንገድ የሚከፍተው መብራቱን ያየው ሰው ነው። ስለዚህ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚጠፋ፥ ወይም የተመልካቹን ዓይን የሚያጭበረብር መብራት ጨርሶ ካለመኖሩ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ሾፌሩ እርሱን ተማምኖ ይነዳልና።

ጉዳዩ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ብቻ አይደለም። ዕቃውን ከውጭ አገር የሚያስመጣው ነጋዴ፥ በመኪና ላይ የሚተክለው ጋራዥ፥ የራሱን አምቡላንስ ወይም የእሳት ማጥፊያ መኪና የሚያሰማራው ፋብሪካና የእርሻ ድርጅት ሁሉ ከኃላፊነቱ ድርሻ አላቸው።

ስለ አመራረጡ

አስመጪው ትእዛዝ ከመላኩ በፊት አራት ነገሮችን ማረጋገጥ ይገባዋል። መጀመሪያው ቀለሙ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሰማያዊ መብራት ለፖሊስ፥ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ የተለየ ሲሆን ብርቱካናማው ለመንገድ ሥራና ለተበላሸ መኪና ማንሻ ያገለግላል። በአሜሪካ ግን የቀለሙ ሕግ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በመሆኑም በአንድ አገር የተፈቀደው ቀለም በሌላው ሊከለከል ስለሚችል፥ መኪናው በሚሠራበት አገር የትራፊክ ባለሥልጣን የፈቀደውን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ከኪሣራ ያድናል።

ሁለተኛው የቮልቱ ልክ ነው። ትናንሽ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት፥ ከባድ ካሚዮኖች ደግሞ በ24 ቮልት ይሠራሉ። ለ12 ቮልት የተሠራ አምፖል በ24 ቮልት ላይ ቢገጠም ወዲያው ይቃጠላል፤ የ24ቱ በ12 ላይ ቢገጠም ደግሞ ደብዝዞ ይቀራል።

ሦስተኛው ጥራቱን የሚያስረዳው ምልክት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስለ ማስጠንቀቂያ መብራቶች ያወጣው ደንብ ቁጥር 65 ይባላል። ይህ ደንብ መብራቱ በሴኮንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ እንዲብለጨለጭ ያዛል፤ ደግሞም የቀንና የሌሊት ሁለት የብርሃን ደረጃ ላላቸው መብራቶች የተለየ ክፍል አለው። ለሌሊት ዝቅ የሚል መብራት መምረጥ ለምን እንደሚበጅ ከዚህ በታች ይገለጻል።

አራተኛው አቧራና ውኃ የመከላከል ኃይሉ ነው። በዕቃው ላይ ‹አይፒ 67› ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ፊተኛው አኃዝ አቧራ ፈጽሞ እንደማያስገባ፥ ሁለተኛው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ በውኃ ውስጥ ቢጠልቅ እንኳ እንደማይበላሽ ያመለክታል። በኮረኮንች መንገድ ለሚመላለስ መኪና ይህን ማየት አስፈላጊ ነው።

ስለ አተካከሉ

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከመብራቱ ሳይሆን ከሽቦው ነው። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሚወስዱ ሁለት አምፖሎች በ12 ቮልት ላይ 10 አምፔር ይስባሉ። ባትሪው ከመብራቱ 5 ሜትር ቢርቅ የመሄጃውና የመመለሻው ሽቦ ርዝመት 10 ሜትር ይሆናል። የሽቦው ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ከ12ቱ ቮልት ከ1 ቮልት በላይ የሚሆነው በመንገድ ይቀራል፤ ባለ ክር አምፖልም በዚህ ጉድለት ብቻ ከብርሃኑ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። ሽቦው 4 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ግን የሚጠፋው ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። በሽቦ የተቆጠበው ጥቂት ብር በጭጋግ ውስጥ የማይታይ አምቡላንስ ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። በዘመናዊዎቹ የኤል ኢ ዲ መብራቶች የሚሳበው አምፔር እጅግ ያነሰ ስለሆነ ጭነቱ ይቀላል፤ የሽቦው ሥርዓት ግን ያው ነው።

ፊውዝ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቀርቦ መቀመጥ አለበት። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ላሜራ ቆርጦት ቢነካካ የሚያቋርጠው ነገር ስለሌለ እሳት ይነሣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ለ10 አምፔር ጭነት በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ የ15 አምፔር ፊውዝ ማድረግ ይበቃል። ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ በቦታው መዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ማለፍ በሽተኛውን በእሳት ላይ እንደ መጫን ይቆጠራል።

ከባዱ አምፔር በሾፌሩ ማብሪያ ውስጥ እንዳያልፍ በመካከሉ ሪሌ ይገባል። ጋራዦች ‹ማሳ› የሚሉት የመመለሻው መስመር ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ በብሎን መጥበቅ ይኖርበታል። ሽቦው ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግለታል፤ የጣሪያው ቀዳዳም ውኃ እንዳያስገባ ይደፈናል። የአየር ከረጢት ባለበት መኪና ውስጥ ሽቦውን በከረጢቱ መዘርጊያ በኩል ማሳለፍ አይገባም። ሥራው ካለቀ በኋላ መብራቱ እንደበራ የመገናኛውን ሬዲዮ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ርካሽ የኤል ኢ ዲ መብራት ሬዲዮውን በጩኸት ይሸፍነዋልና።

በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ወደ ጋራዥ መምጣት ጀምረዋል። በእነዚህ መኪናዎች ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ገመዶች ነፍስ የሚያጠፋ ከፍተኛ ቮልት ስለሚይዙ ፈጽሞ ሊነኩ አይገባም፤ የማስጠንቀቂያው መብራት የሚገናኘው ከ12 ቮልቱ ረዳት ባትሪ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ

የሰው ዓይን በጨለማ ከቀይ ይልቅ ለሰማያዊ ብርሃን ይነቃል። ስለሆነም ቀን በፀሐይ እንዲታይ የበረታ ሰማያዊ መብራት ሌሊት የሌላውን ሾፌር ዓይን ሊያጭበረብር ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው በአደጋው ቦታ ቆመው የሚረዱት ሠራተኞች በዚያ ብርሃን ተሸፍነው አለመታየታቸው ነው፤ የሚመጣው መኪና መብራቱን ያያል እንጂ ከመብራቱ አጠገብ የተንበረከከውን ሰው አያይም። መኪናው ሌሊት በቆመ ጊዜ መብራቱን ወደ ሌሊቱ ደረጃ ዝቅ ማድረግ፥ ወደ መጪው የሚያበራውን የፊት መብራት ማጥፋት፥ ሠራተኞቹን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ማልበስ ይገባል። መብራቶችም ብዙ ሆነው እየተቀዳደሙ ቢብለጨለጩ ዓይንን ያደክማሉ፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎችም ሊጎዱ ይችላሉ።

ሾፌሩ መብራቱን ማብራቱ ከመስቀለኛ መንገድ ጥንቃቄ አያድነውም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሴኮንዱ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮ የሚያዳምጠው ሌላው ሾፌር ሳይረኑን ሰምቶ ወዴት እንደ ሆነ እስኪለይ ድረስ ብዙ ሜትር ታልፏል። ጧትና ማታ ፀሐይ በዝቅታ ስትሆን ደግሞ መብራቱ ከፀሐይዋ ጋር ይቀላቀላል። ሕግ ቅድሚያ ቢሰጠውም እንኳ ቀዝቀዝ ብሎ፥ ሌሎቹ መቆማቸውን በዓይኑ አይቶ ማለፍ ግዴታው ነው። ያለ አስቸኳይ ጉዳይ መብራቱን ማብራትም ነውር ነው፤ ሕዝቡ በሐሰት ከተለመነ በእውነተኛው ቀን አይለቅምና።

ሞተሩ ጠፍቶ መብራት ማብራትም ገደብ አለው። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 አምፔር ቢሳብበት በ3 ሰዓት ግማሹ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ላይነሣ ይችላል።

ስለዚህ በየጧቱ ሾፌሩ መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት መብራቱን በሁለቱም ደረጃ አብርቶ፥ በአራቱም ማዕዘን ዞሮ አይቶ፥ አቧራውን ጠርጎ በመዝገብ ላይ ቢፈርም መልካም ነው። አስመጪው ልኩን ቢጠብቅ፥ ጋራዡ ሽቦውን ባይሰስት፥ ሾፌሩም በመብራቱ ሳይታበይ ቢነዳ፥ አምቡላንስ የሚጠብቀው በሽተኛም ሆነ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚረዳው ሠራተኛ በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል።