ጀበና በካሜራ ፊት

የመስተጋብር ንድፍ አንድ ዕቃ ከተጠቃሚው እጅ፣ ዓይንና ጆሮ ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚያጠናና የሚቀምር ሙያ ሲሆን፣ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጡለት ቢል ሞግሪጅና ቢል ቨርፕላንክ የተባሉ ባለሙያዎች ቢሆኑም፣ ነገሩ ራሱ ግን ኮምፒውተር ከመታሰቡ በፊት በሸክላ ሠሪዎች እጅ ሲሠራበት የኖረ ነው። በዕለት ተዕለት ዕቃዎች ንድፍ ላይ ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ የጎንደር ተማሪም ከጀበና የተሻለ ባለታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች መንደር ናት። ሙያውን ይዘውት የኖሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙኃኑ የማኅበረሰቡ አባላት በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላ ሥራው በስፍራው ቀጥሏል። ዕቃውን እየወደደ ሠሪዋን ሲንቅ በኖረ አገር የጀበናን ቅርጽ ማን እንዳሻሻለው የሚነግር ስም አለመቆየቱ አያስደንቅም።

ጄምስ ጊብሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ፣ አንድ ነገር በቅርጹ ብቻ ለአካል የሚያቀርበውን የድርጊት ዕድል የሚገልጽ ፅንሰ ሐሳብ ያቀረበ ሲሆን፣ በአማርኛ የዕቃ ግብዣ ቢባል ያስኬዳል፤ ዶናልድ ኖርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ለንድፍ ሠሪዎች አስተዋወቀው። የጀበና ጆሮ እጅን ይጋብዛል። ጠባቡ አንገት ግን ከዚያ የበለጠ ሥራ አለው፤ ቡናው ሲፈላ አረፋው በአንገቱ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ አፍይዋ ክዳን ሳትከፍት ከእሳት የማውጫው ጊዜ መድረሱን በዓይኗም በጆሮዋም ታውቃለች። ኖርማን ምላሽ የሚለው፣ ዕቃው ስለ ራሱ ሁኔታ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ምልክት፣ ይኸው ነው።

ከእሳት የወጣው ጀበና አተላው እስኪሰክን ማቶት በተባለው ክብ ማስቀመጫ ላይ ዘንበል ብሎ ያርፋል። የሰከነው አተላ እንዳይናወጥ ቡናው ሲቀዳ ጀበናውን በየሲኒው ቀና ማድረግ ስለማይመከር፣ ሲኒዎቹ ረከቦት ላይ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ አፍይዋም ሳታቋርጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ትቀዳለች፤ በመካከል ረከቦቱ ላይ የሚፈሰው ጥቂት ቡናም የዚሁ ስልት ዋጋ እንጂ የእጅ ጉድለት አይደለም። እንግዲህ የሲኒው አደራደር ከጀበናው ሆድ የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ በቃለ መጠይቅ ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ለዓመታት ቡና ያፈላች ሴት እጇ የሚያውቀውን አፏ ላይናገረው ይችላልና። ስለዚህ ካሜራው ፊትን ትቶ እጅን በቅርብ ቢከተል፣ የፍላቱ ድምፅ በሙዚቃ ባይሸፈን፣ አቦል፣ ቶናና በረካም ሳይቆራረጡ ቢቀረጹ ይመረጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ስሕተት ነው፤ ጀበና ይዞ የማያውቅ ሰው እንዲቀዳ ሲደረግ በየሲኒው ቀና እያደረገ አተላውን ያናውጣል፣ ከዚያም ሆደ ክቡን ጀበና ያለ ማቶት ወለል ላይ ሊያቆመው ይሞክራል።