ንግግሩ የጠፋበት ፊልም

ሶዶ ላይ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው ክረምት ሲገባ አንድ አቤቱታ ይበዛበታል፤ «ድምፁ ቀነሰብኝ»። የዳሞታ ተራራ ደመናውን ለብሶ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር የማንም ላፕቶፕ ድምፁ ይቀንሳል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። የቆርቆሮ ዝናብ ከጎርናናው እስከ ቀጭኑ ያለውን የድምፅ ክልል ስለሚሞላ ቀድሞ የሚውጠው «ስ»ን፣ «ፍ»ን፣ «ሽ»ን የመሳሰሉትን ደካማ ድምፆች ነው። ቃልን ከቃል የምንለየው ደግሞ ባብዛኛው በእነሱ ነው። ደንበኛው ሙዚቃውም ፍንዳታውም እየተሰማው ተዋናዩ ያለው ነገር ያመልጠዋል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ግን «ቮሊዩሙን ጨምርልኝ» ነው የሚለው።

የሚጨመር ቮሊዩም ብዙ የለም። የአብዛኛው ላፕቶፕ ስፒከር አንዱ 2 ዋት አካባቢ ነው። ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት፤ 10 ዴሲቤል ማለት ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ነው። 2 ዋት የሚችለውን 20 ዋት አምጣ እንደማለት ነው። ከሲኒ እንስራ ሙሉ ውሃ አይቀዳም።

300 እና 500 በመቶ እናደርሳለን የሚሉትን «ቡስተር» ፕሮግራሞች የማልጭነው ለዚህ ነው። የሚጭን ሌላ ሱቅ አይጠፋም፤ ደንበኛም ይሄድብኛል፣ ይሂድ። ፕሮግራሙ ስፒከሩን አያሳድገውም። የድምፁን ሞገድ ከጣሪያው በላይ ይገፋውና ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ሞገድ ድምፁን ያሻክራል፣ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ጥቅል ሽቦም ያሞቃታል። ውሎ ሲያድር ያው ላፕቶፕ «ይንጫረራል» ተብሎ ይመጣል። የፊልም ማጫወቻው ቪኤልሲ ራሱ እስከ 125 በመቶ ይወጣል፤ ድምፁ ከመነሻው ዝቅ ብሎ ለተቀዳ ፊልም ከሆነ እሱን አልቃወምም።

አንዲት መምህርት ያመጡት ቅሬታ ነገሩን ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ ያሳያል። «ቃና ቴሌቪዥን ላይ የነበሩትን ተከታታይ ፊልሞች ስከፍት በደንብ ይሰማኛል፤ የፈረንጅ ፊልም ላይ ግን ማሽኑ ይደክማል፤ ቫይረስ ይሆን?» አሉኝ። ቫይረስ አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና በአማርኛ ያቀረባቸው የቱርክ ድራማዎች ንግግራቸው የተቀዳው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከማይክ አጠገብ ነው። የሚታዩትም ሳሎን ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ነው። የሲኒማው ፊልም የሚቀናበረው ግን ጸጥ ላለ ጨለማ አዳራሽ ነው፤ ሹክሹክታው የእውነት ሹክሹክታ፣ ፍንዳታው የእውነት ፍንዳታ እንዲሆን። በዚያ ላይ በፍላሽ የምናስጭነው ፊልም ብዙ ጊዜ «5.1» የሚባለው ነው። ድምፁ ስድስት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚመጣው፤ ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው መሀል ባለው ቻናል ላይ ነው። ላፕቶፑ መሀል ስፒከር የለውም። ማጫወቻው ስድስቱን ወደ ሁለት ያጥፋቸዋል፤ ሲደመሩ እንዳይፈስሱ ደግሞ ሁሉንም ዝቅ ያደርጋል። ሙዚቃውና ንግግሩ እዚያች ትንሽ ስፒከር ውስጥ ይጋፋሉ።

ለመምህርቷ ያደረግሁት ይኸው ነው። ቪኤልሲን ከፍቼ «ኮንትሮል»ንና «ኢ»ን አብሬ ተጫንኩ። «ኦዲዮ ኢፌክትስ» ውስጥ «ኮምፕሬሰር» የሚል ገጽ አለ፤ እሱን አበራሁት። «ትሬሽሆልድ» የሚለውን ወደ ኔጌቲቭ 20 አወረድኩ፣ «ሬሾ»ውን 4 ላይ ተውኩት፣ «ሜክአፕ ጌይን» የሚለውን ትንሽ በትንሽ ከፍ አደረግሁ። ኮምፕሬሰሩ ጩኸቱን ይጫነዋል፣ በተረፈው ቦታ ንግግሩ ከፍ ይላል። ፍንዳታው ግርማ ሞገሱን ያጣል፤ ሲኒማ የሚወድ ሰው ይከፋዋል፤ እሳቸው ግን የፈለጉት ሰዎቹ የሚሉትን መስማት ነበር። ቪኤልሲ ለማይጠቀም ሰው ዊንዶውስ ውስጥ «ላውድነስ ኢኳላይዜሽን» የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የስፒከሩ ሴቲንግ ውስጥ «ኢንሃንስመንትስ» ላይ ይገኛል፣ ድራይቨሩ ከፈቀደ።

ብዙውን ጊዜ ግን የአምራቹ ድራይቨር ጎድሎ ነው የማገኘው። ተማሪዎች የሚገዙት ላፕቶፕ በአብዛኛው ውጭ አገር ቢሮ ያገለገለ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው። ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፤ ስፒከራቸው ግን ለስብሰባ እንጂ ለፊልም ታስቦ አልተሠራም። በየእጁ ሲያልፉ ፎርማት ይደረጋሉ፤ አምራቹ ለዚያች ስፒከር ብሎ ያስተካከለው የድምፅ ሶፍትዌር አብሮ ይጠፋል። ዲቫይስ ማኔጀር ላይ «ሪልቴክ» መባል ሲገባው «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» ብቻ ካለ የተጫነው የዊንዶውስ አጠቃላይ ድራይቨር ነው። ድምፅ ያወጣል፤ ማሽኑ አዲስ ሳለ የነበረውን ድምፅ ግን ላያወጣ ይችላል። ከአምራቹ ገጽ ላይ የሞዴሉን ድራይቨር አውርዶ መጫን ከየትኛውም ቡስተር ይበልጣል። እግረ መንገዴን፣ የዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ኮሙኒኬሽንስ» የሚለውን ገጽ አይቼ «ዱ ናቲንግ» ላይ አደርገዋለሁ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ጥሪ ያለ ሲመስለው የሌላውን ድምፅ 80 በመቶ ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን እገለብጠዋለሁ። የአብዛኞቹ ስፒከር ከሆዳቸው በኩል ነው። ዶርም ውስጥ አራት አምስት ልጅ አንድ አልጋ ላይ ተደርድሮ፣ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ፊልም ሲያይ ብርድ ልብሱ ድምፁን ይጠጣዋል። ጠረጴዛ ላይ ወይም ሰፊ መጽሐፍ ላይ ቢቀመጥ ጠንካራው ገጽ መልሶ ይረጨዋል፤ ምንም ብር አያስወጣም። ቀዳዳዎቹ በበጋ የእኛ ቀይ አፈር ይጠቀጠቅባቸዋል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። በመርፌ የሚጎረጉሩ አሉ፤ አንድ ልጅ ያመጣውን ስከፍት የግራው ስፒከር ቆዳ መሀሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረበት፣ ከእሷ ተነስቶ እስከ ዳሩ ተተርትሯል። ያ አይጠገንም፤ ይቀየራል።

የላፕቶፕ ስፒከር ጨርሶ የማይበቃበት ቦታ ደግሞ ሜዳ ነው። ወደ ገጠር ቀበሌ ወጥተው በወላይትኛ የተተረጎመውን የኢየሱስ ፊልም የሚያሳዩ ወንጌላዊ ደንበኛ አሉኝ። ውጭ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ከኋላ የቆሙት ምስል ብቻ ያያሉ ማለት ነው። ብሉቱዝ ስፒከር ገዝተው ነበር፤ ድምፁ ከከንፈር ዘግይቶ ይመጣል። ቪኤልሲ ላይ «ጄ»ን በተጫኑ ቁጥር ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲነኩት ይገጣጠማል። ለሕዝብ ግን የመከርኳቸው ኬብል ነው፤ ከኤርፎን ቀዳዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሚክሰር።

ኬብሉ የራሱ ጣጣ አለው። ላፕቶፑም ሚክሰሩም ከአንድ ጄኔሬተር ሲሰኩ «እምምም» የሚል ድምፅ ይገባል። «ወንድሜ፣ ሚክሰሩ ተበላሽቷል» ብለው ደወሉልኝ። «ቻርጀሩን ይንቀሉት» አልኳቸው፤ ወዲያው ጠፋ። አሁን ከመውጣታቸው በፊት ባትሪውን ሱቅ አምጥተው ያስፈትሹታል፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ።