በርኖሱም መጻሕፍቱም
ባለፈው ዓመት ካነበብኳቸው መጻሕፍት አምስቱ



ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት፣ በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን በርኖስና መጻሕፍቱን ይዞለት እንዲመጣ ለመነው (2ኛ ጢሞ. 4፡13)። በርኖሱን ለምን እንደፈለገ ለባሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሳነቴ ብርድ ወደ ጎባና ወደ ሮቤ ሲወርድ የደጋ ሰው የሚያስበው የሚደርበውን ነው። ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጳውሎስ ልብሱንና መጻሕፍቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠየቀ። በብዙዎቻችን ቤት መጽሐፍ የሚታሰበው ዘይቱ፣ ጤፉ፣ የልጆች ጫማና የትምህርት ቤት ወጪው ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው። ሐዋርያው ግን መጽሐፍን ከብርድ መከላከያው ጋር እኩል አስቀመጠው።

ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ለምንኖር ሰዎች መጽሐፍ የሚደርሰን ብዙውን ጊዜ በመንገደኛ እጅ ነው። አንዱ ያመጣውን አሥር ሰው ያነበዋል፤ ሽፋኑም በመንገድ ይቀራል። ባለፈው ዓመት እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ዞረው ከደረሱኝ መካከል አምስቱን ላካፍላችሁ።

የኤልሳቤጥ ደጅ ጥናት

የመጀመሪያው ጆን ቡንያን ስለ መንገደኛው ክርስቲያን የጻፈው መጽሐፍ ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1678 ሲሆን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ በአማርኛ ተተርጉሟል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ ክርስቲያን ሸክሙን ተሸክሞ ቤተሰቡን ትቶ ይሄዳል። ሁለተኛውን ክፍል ግን ያነበበ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1684 በወጣው በዚህ ክፍል ሚስቱ አራት ልጆቿንና ጎረቤቷን ይዛ በዚያው መንገድ ትነሣለች። ጉዞው ቀርፋፋ ነው። ልጆች ይደክማሉ፣ ይታመማሉ፣ ይጠይቃሉ። እናቶች ሆይ፣ ይህኛው የእኛ ጉዞ ነው!

ከመጽሐፉ በስተጀርባ ደግሞ አንዲት ሴት አለች። ቡንያን ያለ ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1660 ሲታሰር ሚስቱ ኤልሳቤጥ እርጉዝ ነበረች፤ በድንጋጤውም ፅንሱ ጠፋባት። ያልወለደቻቸውን አራት የባሏን ልጆች ታሳድግ ነበር፤ ከእነርሱ አንዷ ዓይነ ስውር ናት። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት ዳኞቹ ፊት ቀርባ ስለ ባሏ ተከራከረች። አልተሳካላትም፤ እርሱም 12 ዓመት ያህል ታሰረ። በአገልጋይ ቤት ውስጥ ስሙ የሚነሣው የአገልጋዩ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን የቤቱ ሰዎች ሁሉ ናቸው። ለአገልጋዮቻችሁ ስትጸልዩ ኤልሳቤጥንም አስቡ።

ደጁ ሲዘጋ ቤቱ ተከፈተ

ሁለተኛው ናታን ሄጊ በእንግሊዝኛ የጻፉት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው፤ ርዕሱ «ከጸሎታችን በላይ» እንደ ማለት ነው። በደርግ ዘመን፣ በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ። በዚያን ጊዜ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። ደርግ ወድቆ ደጁ ሲከፈት ግን ቁጥራቸው ከ34,000 በላይ ሆኖ ተገኘ።

በእነዚያ ዓመታት ምእመናን የሚገናኙት በትንንሽ ቡድን በየቤቱ ነበር። ዛሬ አዳራሽ አለን፣ ድምፅ ማጉያ አለን፣ ስለ አዳራሹ ጣሪያም እንጸልያለን፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ልጆቻችን በእኛ ሳሎን የእግዚአብሔር ቃል ሲነበብ ሰምተው ያውቃሉን? አዳራሹ ነገ ቢዘጋ በቤታችን የሚቀረው ምንድን ነው?

የጎረቤቴ ታሪክ

ሦስተኛው ከበድ ያለ የምሁራን መጽሐፍ ነው። ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ ቴርዬ ኦስተቦ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው ሲሆን፣ በባሌ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 ስለተካሄደው ዓመፅ ይተርካል። ጄኔራል ዋቆ ጉቱን የማያውቅ የባሌ ሰው የለም። ስለዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመሬትና የግብር በደል ነው። ጸሐፊው ግን ያ ብቻውን ታሪኩን አይገልጠውም ይላል፤ ሃይማኖትና ማንነት እንደ ድርና ማግ ተሸምነው እንደነበር ያሳያል። በባሌ ሰው አነጋገር «እስላም» እና «አማራ» የሚሉት ስሞች የሃይማኖትም የዘርም መለያ ሆነው ኖረዋል።

ይህን ሳነብ ስንቱ ነገር ተገለጠልኝ! ኦሮምኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣ ወጣት ጌታን ሲቀበል ዘመዶቹ «ከእኛ ወጣህ» ብለው የሚያለቅሱት ለምን እንደሆነ ገባኝ። የሚያዝኑት ስለ ሃይማኖቱ ብቻ አይደለም፤ ልጃቸው ሌላ ሕዝብ የሆነባቸው ይመስላቸዋል። እኛ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን በሐዘንም በደስታም እናገኛቸዋለን፤ ቡና አብረን እንጠጣለን። ግን አያቶቻቸው ምን እንዳዩ ጠይቀን እናውቃለን? የጎረቤቱን ቁስል የማያውቅ ምስክር ሳያስበው ቁስሉን ይነካል። በመጽሐፉ ሁሉ ላይ መስማማት የለብንም፤ ጎረቤትን ለመውደድ ግን ታሪኩን ማወቅ ይረዳል።

የአስቴር ቃላት

አራተኛው ለሦስተኛው መልስ ሆነልኝ። ጉስታፍ አሬን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት የወንጌላውያን ፈር ቀዳጆች ታሪክ ውስጥ ኦኔሲሞስ ነሲብንና አስቴር ጋኖን እናገኛለን። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ልጅ ነበር። አስቴርም በባርነት ወደ ዓረብ አገር ስትጫን መርከቡ እ.ኤ.አ. በ1886 ተይዞ ነፃ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማረች። ከአገሯ ይዛ የወጣችው ንብረት አልነበራትም፤ ቋንቋዋን ግን ማንም አልወሰደባትም። ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በቃሏ አስታውሳ ጻፈች። የቋንቋ እውቀቷ ለኦኔሲሞስ የትርጉም ሥራ ትልቅ እገዛ ሆነ። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በኦሮምኛ ታተመ።

እንግዲህ ወንጌል ለኦሮሞ ሕዝብ የባዕድ ነገር ነው የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ ከመከራከር ይልቅ የእነዚህን ሁለት ሰዎች ታሪክ ንገሩት። ልጆቻችንም ይስሙት፤ ክርስቶስን ለመከተል የእናታቸውን ቋንቋ መተው እንደማያስፈልጋቸው ይወቁ።

ይቅርታ ሲከብድ

የመጨረሻው የኮሪ ቴን ቡም «መሸሸጊያ ስፍራ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመ። በሆላንድ አገር የሰዓት ሠሪ ቤተሰብ አይሁድን በቤቱ ደብቆ ሲያተርፍ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 ተያዘ። ሽማግሌው አባት ከአሥር ቀን በኋላ በእስር ሞቱ። እኅቷ ቤትሲ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በራቨንስብሩክ ማጎሪያ አረፈች። ቤትሲ በዚያ ስፍራ ስለ ቁንጫዎቹ ሳይቀር እግዚአብሔርን ታመሰግን ነበር፤ ኋላ እንደታወቀው ጠባቂዎቹ ወደ ክፍላቸው ያልገቡት ቁንጫውን ፈርተው ነው፤ በዚህም መጽሐፍ ቅዱስን በነፃነት አነበቡ።

እኔን የያዘኝ ግን ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኮሪ በሙኒክ ከተማ ስለ ይቅርታ ሰብካ ስትጨርስ ከማጎሪያው ጠባቂዎች አንዱ እጁን ዘረጋላት። እጇ አልታዘዛት አለ። በልቧ ምንም የይቅርታ ስሜት አልነበራትም፤ ወደ ጌታ ጸለየችና እጇን ብቻ ዘረጋች፤ ስሜቱ ከእጇ በኋላ መጣ። ውድ አንባቢ፣ በአገራችን ባለፉት ዓመታት ዘመዱን፣ ቤቱን፣ ንብረቱን ያጣ ስንት ሰው አለ? ለእነዚህ ወገኖች ይቅርታን እንደ ቀላል ነገር አንስበክላቸው። ከኮሪ የምንማረው ይቅርታ ከአቅም በላይ መሆኑንና ጌታም አቅም እንደሚሰጥ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት መጽሐፍ ቅዱስ ይነበብ፤ ሌላው መጽሐፍ ሁሉ በእርሱ ይመዘናል። ከዚያ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንኳ ስልኩን አስቀምጦ ለመጽሐፍ መስጠት ይቻላል። የሴቶች ኅብረት ያላችሁ አንድ መጽሐፍ በጋራ ግዙ፤ ማንበብ የምትችለው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብ፤ ያልተማሩት እናቶች ደግሞ ከሕይወታቸው ያብራሩ። እንግሊዝኛ የምታውቁ ያነበባችሁትን በአማርኛም በኦሮምኛም ተርኩላቸው። መጽሐፍ የተዋሳችሁም መልሱ! የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለና።

ጌታ ዓይናችንንና ልባችንን ይክፈትልን። አሜን።