የኮምፒውተር ሳጥንና የመኪና ቀለም፦ የሚባለውና እውነቱ

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሳጥን እንደ አዲስ መኪና እንዲያብረቀርቅ ውድ ቀለም ይበቃዋል የሚል እምነት አለ። የመኪና ቀለም ግን የንብርብር ሥራ ነው፦ ላሜራውን የሚይዘው ፕራይመር፣ መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ ከላይ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ግልጽ ቫርኒሽ። ፋብሪካ በቀባው መኪና ላይ እንኳ ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ሩብ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ «ጭረቱን ቀለም ይሸፍነዋል» የሚባለው ስህተት ነው፤ አንጸባራቂ ቀለም ጭረትን ያጎላል። ጎድጓዳው በስቱኮ ካልተሞላ፣ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ካልተፈገፈገ፣ ፕራይመሩም ከደረቀ በኋላ በ600 ወይም በ800 ካልለሰለሰ ቀሪው ልፋት ከንቱ ነው።

በደቡብ ጎንደር ባሉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ የሚያስቸግረው አየሩ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የስማዳና የታች ጋይንት ቆላ ግን ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። «ቲነር ሁሉ አንድ ነው» የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም። ቶሎ የሚተን ቲነር ቆላ ላይ ቀለሙን በአየር ላይ ያደርቀዋል፤ ሳጥኑ ይሻክራል። ቀስ ብሎ የሚተነው ደግሞ ደጋ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ተንሸራቶ እንዲወርድ ያደርጋል።

«ጣሪያ ካለ ክረምትም ይቀባል» ይባላል። ጣሪያ ዝናብን እንጂ እርጥበትን አይከለክልም። ቲነር ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከጉና ተራራ ጭጋግ በሚወርድበት ቀን በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ይቋጥርና ጥቁሩ ቀለም አመድ የተነፋበት ይመስላል። ለዚህም ነው የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲበልጥ የሚመከረው። መለኪያ ከሌለ የብረቱን አንድ ጥግ በእርጥብ ጨርቅ አብሶ ማየት ነው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ ሥራው ለሌላ ቀን ይቆይ። ፀሐይ ላይ ማስጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ ላዩ ቀድሞ ሲደርቅ ከሥር የታፈነው ቲነር አረፋ ያወጣል።

ጥቁር ቀለም ኮምፒውተሩን ያግለዋል የሚባለው፣ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ካልተቀመጠ በቀር፣ ብዙም አያሳስብም። ሙቀቱን የሚያወጣው አየር ነው፤ የሚጎዳው የአየር ቀዳዳዎቹ በቀለም መደፈናቸው ነው።

ውስጡንም ጨምሮ ሁሉንም መቀባት ግን አደጋ አለው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የኃይል ሰጪው ሣጥን የሚታሰርበትና የማዘርቦርዱ ብሎኖች የሚያርፉበት ቦታ ከተቀባ ወደ መሬት የሚሄደው መስመር ይቋረጣል፤ እነዚህ ቦታዎች በፕላስተር ተሸፍነው ብረታቸው ባዶ መቅረት አለበት።

አፍንጫን በሻርብ ማሰር ይበቃል የሚለው እምነት ከሁሉም የከፋ ነው። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው ቫርኒሽ አይሶሳያኔት አለበት፤ ይህም አስም ያስይዛል፤ ጨርቅም ሆነ የአቧራ ጭምብል አያግደውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ጭምብል የሌለው ሰው ማጠንከሪያ የሌለውን የቆርቆሮ ስፕሬይ ይምረጥ፤ እሱንም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይርጨው።