ስለ ዘፈቀደ ሽቦ፤ የራዲዮ አንቴና እንዴት እንደሚፈተን

ራዲዮ ድምፅን ያለ ሽቦ ከሩቅ አገር ያመጣል ሲባል ሁሉ ሰምቷል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ አገሮች መካከል የተዘረጋ ሽቦ አይኑር እንጂ በላኪውም ዘንድ በተቀባዩም ዘንድ ሽቦ ሳይኖር ራዲዮ አይሠራም። ይህ ሽቦ አንቴና ይባላል። የላኪው አንቴና የኤሌክትሪክን ኀይል ወደ ሞገድ ለውጦ በጠፈር ይበትነዋል፤ የተቀባዩም አንቴና ከዚያ ሞገድ እጅግ ጥቂቱን ይዞ እንደ ገና ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሰዋል።

ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ዕውቀትና ስለ ወዳጅነት በገዛ መሣሪያቸው በራዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ አማተር ይባላሉ። መንግሥት ፈትኖ ፈቃድና የመጥሪያ ስም ይሰጣቸዋል፤ የኢትዮጵያ የመጥሪያ ስም «ኢ» እና «ቲ» በሚባሉ በሁለት የላቲን ፊደሎች ይጀምራል። ከእነርሱም መካከል ገንዘብና ሰፊ ቦታ ያለው ሰው የብረት ግንብ ያቆማል። ቦታው የጠበበበት ግን አንድ ሽቦ ከመስኮቱ አውጥቶ ከዛፍ ጫፍ ያስራል፤ የሽቦውም ርዝመት ለአንድ ሞገድ ብቻ ተለክቶ የተቆረጠ ስላይደለ የዘፈቀደ ሽቦ ብለው ሰየሙት። ስሙ ግን ያሳስታል፤ በእውነት በዘፈቀደ የዘረጋው ሰው ብዙ ጊዜ ያፍራልና።

ከእንዲህ ያለው ሽቦ ሁሉ ዝናው የወጣው በ1894 ዓ.ም. ታኅሣሥ 3 ቀን፣ ይኸውም በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1901 ዲሴምበር 12 ቀን፣ ኢጣልያዊው ጉሊየልሞ ማርኮኒ በኒውፋውንድላንድ ደሴት በሲግናል ሂል ኮረብታ ላይ የሰቀለው ነው። ማርኮኒ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ በእንግሊዝ አገር በፖልዱ ከተተከለው ላኪ የሚመጣውን ምልክት ለመስማት ፈለገ። ግንብ ለማቆም ጊዜ ስላልነበረው ሽቦውን በፊኛ ሊያነሣው ሞከረ፤ ፊኛውን ግን ነፋስ በጥሶ ወሰደው። ኋላም በገመድ ተይዞ በነፋስ በሚበር የጨርቅ ክንፍ 150 ሜትር ያህል ሽቦ አወጣ። ክንፉ በዐውሎ ነፋሱ እየተነሣና እየወደቀ ሲሄድ ሽቦው ከመሬት ያለው ርቀት ሳያቋርጥ ተለዋወጠ። አንቴናውም ከፍና ዝቅ ባለ ቍጥር ጠባዩ ስለሚለወጥ፣ ማርኮኒ ለአንድ ሞገድ ብቻ የተስማማውን ረቂቅ መቀበያውን ትቶ ምንም ማስማሚያ በሌለው መሣሪያና በስልክ ማዳመጫ ማዳመጥ ግድ ሆነበት። በእኩለ ቀን አካባቢም በሞርስ ፊደል «ኤስ» የሚሆኑትን ሦስቱን ነጥቦች እንደ ሰማ ተናገረ። ሞገዱ ረጅም፣ ሰዓቱም ቀን ስለ ነበረ፣ በእርግጥ ሰምቶት ይሆን ብለው የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ዛሬም አሉ። ሰማም አልሰማም፣ የሽቦው ነገር ግን ለዚህ ጽሑፍ ይጠቅማል፤ ሽቦ ከፍታውና ርዝመቱ ባልታወቀ ጊዜ ከእርሱ ጋራ የተያያዘው መሣሪያ ሁሉ ግራ እንደሚጋባ ያሳያልና።

የዚህም ምክንያት በገመድ ምሳሌ ሊገለጥ ይችላል። አንድ ሰው የገመድን ጫፍ ከዛፍ አስሮ ሁለተኛውን ጫፍ በእጁ ይዞ ቢያወዛውዘው ገመዱ በሙሉ እኩል አይንቀሳቀስም። ከዛፉ ላይ የታሰረው ጫፍ ዝም ይላል፤ ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ገመዱ እንደ ሆድ ተነፍቶ ይወዛወዛል፤ እንደ ገናም ወደ ፊት ዝም የሚልበት ሥፍራ ይገኛል፤ እንዲህም እየተፈራረቀ ይሄዳል። በአንቴና ሽቦ ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ እንደዚሁ ነው። ከዛፉ ወገን ያለው የሽቦ ጫፍ መሄጃ ስለሌለው በዚያ ሥፍራ የሚፈስስ ኤሌክትሪክ የለም። ከዚያ ጫፍ የሞገዱን እኩሌታ ያህል ወደ ቤት ሲመለሱም ሁለተኛው ጸጥ ያለ ሥፍራ ይገኛል። ላኪው መሣሪያ በዚህ ጸጥ ባለ ሥፍራ ላይ የተያያዘ እንደ ሆነ፣ እጁን ገመዱ ሊያርፍበት በሚወደው ቦታ አድርጎ ሊያወዛውዝ እንደሚታገል ሰው ይሆናል፤ ኀይሉ ወደ ሽቦው ለመግባት እንቢ ይላል። በሆዱ ላይ የተያያዘ እንደ ሆነ ግን ያለ ችግር ይገባል።

ይህን በቍጥር ማየት ይሻላል። ሞገድ በ1 ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አማተሮች ከሚሠሩባቸው ሞገዶች አንዱ በ1 ሴኮንድ 7.1 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገበው ነው፤ 300,000 ኪሎ ሜትር ለዚህ ቍጥር ሲካፈል የአንዱ ሞገድ ርዝመት 42 ሜትር ያህል ይሆናል። እኩሌታው 21 ሜትር ነው፤ በሽቦ ላይ ግን ከመቶ አምስት ያህል ስለሚያጥር ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ 20 ሜትር ሽቦ የዘረጋ ሰው ሳያውቀው በወጥመዱ ውስጥ ገባ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ሌሎቹ የአማተር ሞገዶች ብዙዎቹ የዚህ ቍጥር እጥፍ መሆናቸው ነው፤ 14 ሚሊዮን ሁለት እጥፍ፣ 21 ሚሊዮን ሦስት እጥፍ፣ 28 ሚሊዮን አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ያው 20 ወይም 21 ሜትር ሽቦ በአራቱም ሞገዶች ላይ ጸጥ ባለው ሥፍራ አካባቢ ይውላል። በዘፈቀደ የተመረጠ ርዝመት ከሁሉ የከፋው ሆኖ ሲገኝ ይህ ነው።

ብዙ አማተሮች ስለዚህ 25.6 ሜትር ያህል ሽቦ ይመርጣሉ። ይህ ርዝመት በ7 ሚሊዮን ላይ አንድ እኩሌታ ሞገድና ሩብ፣ በ14 ሚሊዮን ላይ ሁለት ተኩል፣ በ21 ሚሊዮን ላይ ወደ ሦስት ከሦስት አራተኛ ይሆናል። በ28 ሚሊዮን ላይ ግን ወደ አምስት ስለሚጠጋ በዚያ ያስቸግራል። ለሞገድ ሁሉ እኩል የሚስማማ ርዝመት አልተገኘም፤ ሽቦውም በፕላስቲክ የተለበሰ እንደ ሆነ፣ ወይም ከዛፍ ቅጠል የተጠጋ እንደ ሆነ ቍጥሩ ጥቂት ይለወጣል። መፈተን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ ስሌቱ ወዴት መሄድ እንደማይገባ ይናገራል እንጂ የት መቆም እንደሚገባ አይወስንም።

ጸጥ ባለው ሥፍራ ላይ ሌላ ክፉ ነገር አለ። ኤሌክትሪኩ ሳይፈስስ ሲቀር ግፊቱ ይበረታል። 100 ዋት ኀይል 50 ኦም በሆነ ሥፍራ ሲገባ ግፊቱ 70 ቮልት ያህል ነው፤ ያው 100 ዋት 3,000 ኦም በሆነ ሥፍራ ሊገባ ሲሞክር ግን ግፊቱ ከ500 ቮልት ያልፋል። ይህን ባዶ እጅ ቢነካው ያቃጥላል።

በላኪውና በሽቦው መካከል ከጥቅልል ሽቦና መጠኑ ከሚለዋወጥ ኮንደንሰር የተሠራ ማስማሚያ ይገባል፤ ብዙዎችም ዘጠኙን ወደ አንድ የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ይጨምራሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ይረዳሉ፤ ነገር ግን ክፉ ርዝመትን መልካም አያደርጉም፤ ኀይሉም በእነርሱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው መሬት ነው። ወደ ሽቦው ለሚገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ መልሱ ከሌላ ወገን መምጣት አለበት፤ ሽቦው የአንቴናው እኩሌታ ብቻ ነውና። ማርኮኒም በኮረብታው ላይ የብረት ሰሌዳዎችን በመሬት መቅበሩ ስለዚህ ነበረ። የመሬት ሽቦ ያላበጀ ሰው መልሱን በመሣሪያው ሣጥንና በገዛ አካሉ በኩል ያመጣዋል፤ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ከንፈሩን የሚነድፈው ይኸው ነው። መሬት ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። በክረምት ውሃ የጠገበ ዋልካ ኤሌክትሪክን ደኅና አድርጎ ያሳልፋል፤ በበጋ የደረቀ ቀይ አፈርና ጭንጫ ግን አያሳልፍም። በእንዲህ ያለው ሥፍራ አንድ የብረት ችንካር መትከል ብቻ አይበቃም፤ አምስት ስድስት ሽቦ በምድር ላይ እንደ ሸረሪት እግር መዘርጋት ይሻላል። ይህም ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ የሆነ ሥራ ነው።

ሽቦ በዕውቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚሠራ በ1914 ዓ.ም. (በኤውሮጳ 1921) ታየ። በ1912 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የወጣው የአሜሪካ ሕግ አማተሮችን ከ200 ሜትር ባጠረ ሞገድ እንዲወሰኑ አድርጓቸው ነበር፤ አጭር ሞገድ ለሩቅ አገር የማይረባ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና። አማተሮቹ ግን በዚያው አካባቢ ባለ ሞገድ ውቅያኖሱን ለመሻገር ቈረጡ። በ1921 በፌብሩዋሪ ወር የላኩትን በእንግሊዝ አገር የሰማ አልነበረም። በዲሴምበር ወር እንደ ገና ሲሞክሩ ፖል ጎድሊ የሚባለውን ዐዋቂ ወደ ስኮትላንድ ላኩት፤ እርሱም በአርድሮሳን ባሕር ዳር ድንኳን ተክሎ 400 ሜትር ያህል ሽቦ ከመሬት ብዙ ሳያርቅ በእንጨቶች ላይ ዘረጋ። ሽቦው ወደ አሜሪካ አቅጣጫ የተቀና፣ የሩቁም ጫፉ በተመጠነ መግቻ በኩል ከመሬት ጋራ የተያያዘ ነበረ፤ አሠራሩ ሃሮልድ ቤቨሬጅ ከፈለሰፈው ነው። በዚያ ብርድና ዝናም ውስጥ ጎድሊ ከ20 የሚበልጡ የአሜሪካ አማተሮችን ሰማ፤ ከኮኔቲከት ግዛት ከግሪኒች ከተማ የተላከውንም መልእክት በሙሉ ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኅዳር 1916 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሌዎን ዴልዋና አሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔል በ110 ሜትር አካባቢ ባለ ሞገድ ውቅያኖሱን ተሻግረው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። የማይረባ ተብሎ ለአማተር የተጣለው ሞገድ ከዚህ በኋላ የመንግሥታትና የታላላቅ ኩባንያዎች መፈለጊያ ሆነ።

በገጠር ትምህርት ቤት ያለ መምህር ያለ መንግሥት ፈቃድ ሞገድ መላክ አይገባውም። በአጭር ሞገድ መቀበያ ማዳመጥ ግን ለፈተናው ይበቃዋል፤ ለሚያዳምጥ ሰውም የሽቦው ርዝመት ለሚልክ ሰው የሆነውን ያህል ጭንቅ አይሆንበትም። በዚህ ነገር ባላገሩ ከከተሜው ይበልጣል። በከተማ የየቤቱ መብራትና የስልክ መሙያው ሁሉ በራዲዮ ውስጥ ያጕረመርማል፤ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት መንደር ግን ሰማዩ ጸጥ ያለ ነው። በፀሐይ ኀይል የሚሠራው መብራት መቈጣጠሪያ ግን ብዙ ጊዜ ይጮኻልና በፈተናው ሰዓት ይለያይ። ሽቦውን በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች መካከል መስቀል ይቻላል፤ ጫፉና እንጨቱ እንዳይነካኩ የሸክላ መለያያ ቢታጣ የጠርሙስ አንገት ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን መብረቅ ይታሰብ። በ1745 ዓ.ም. (በኤውሮጳ 1753) ጌዎርግ ሪክማን የሚባለው ሊቅ በፒተርስበርግ ከተማ የሰማይን ኤሌክትሪክ ለመመርመር ከጣራው ላይ ካቆመው ብረት ሽቦ ወደ ቤቱ አስገብቶ ነበረ። ዐውሎው በመጣ ጊዜ ሊመለከት ወደ መሣሪያው ቀረበና በመብረቅ ተመትቶ ሞተ። በኢትዮጵያ ደጋ በክረምት ስንት ጊዜ ነጐድጓድ እንደሚሰማ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ስለዚህ የሽቦው መጨረሻ ሁልጊዜ በውጭ ይሁን፤ ፈተናው ካለቀ በኋላ ከመቀበያው ተነቅሎ ከመሬት ችንካር ጋራ ይታሰር፤ ደመና ከከበደ በኋላ ግን ለመንቀልም ቢሆን ማንም አይቅረብ። የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ሥፍራ ከመስመሩ በላይም ሆነ በታች ሽቦ አይዘርጋ። የማርኮኒ ታሪክ ለተማሪዎች በተነገረ ማግሥት አንዱ ልጅ ሽቦ ከክንፍ ላይ አስሮ ለማብረር ይነሣልና፣ መምህሩ ታሪኩን ሲነግር ክልከላውን በዚያው ሰዓት ይንገር።

ፈተናው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሩቅ የሚሄደው ሞገድ ፀሐይ ከምታነቃቃው ከላይኛው አየር ላይ እየተመለሰ ስለሚጓዝ በ7 ሚሊዮን አካባቢ ያለው በሌሊት፣ በ14ና በ21 ሚሊዮን አካባቢ ያለው በቀን ይበረታል። ትናንት በአጭር ሽቦ በማለዳ፣ ዛሬ በረጅሙ ሽቦ በምሽት ሰምቶ ረጅሙ ይሻላል የሚል ሰው ፀሐይን መዘነ እንጂ ሽቦን አልመዘነም። ሁለቱ ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ተሰቅለው፣ መቀበያው ከአንዱ ወደ ሌላው በየጊዜው እየተዛወረ ያው አንድ ጣቢያ ሊደመጥ ይገባል፤ ድምፁም በየሴኮንዱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሃያ ጊዜ ያህል መመላለስ ያስፈልጋል። በ1993 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት የተቀበለው ጆ ቴይለር፣ እርሱም አማተር ነውና፣ በ2008 ውስፐር የሚባል የኮምፒዩተር ዘዴ አውጥቶ በጥቂት ኀይል የተላከ ምልክት የት እንደ ተሰማ በቍጥር እንዲታወቅ አድርጓል። ኮምፒዩተር በሌለበት ግን ደብተርና ሰዓት ይበቃሉ። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሞገዱ ቍጥር፣ የሽቦው ርዝመትና ከፍታ፣ መሬቱ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑ፣ የጣቢያው ድምፅም ከአንድ እስከ አምስት ተመዝኖ ይጻፍ። በማግሥቱ ከሁለቱ አንዱ ሽቦ ብቻ በአንድ ሜትር ይጠር፤ ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ በዚያው ሰዓት ይደገም።